በሽታው ሳይታወቅ ዕቃ አይቀየር፤ ከታወቀም አይደበቅ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ውኃ፣ ስለ ጽዳትና ስለ ዕድር መዋጮ ነው። ዛሬ ስለ መኪና ብልሽት ስንጽፍ «እኛ መኪና የለን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በወግዲ መኪና የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እህሉን ወደ መካነ ሰላምና ወደ ደሴ የሚያደርሰው እሱ ነው። ምጥ የጠናባት እናት በሌሊት የምትሳፈረው በእሱ ነው። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ለቅሶ ደራሹም የሚሄደው በእሱ ነው። አንድ አይሱዙ ወይም አንድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ሲቆም የሚቆመው የአንድ ሰው ገቢ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። ስለሆነም ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል እንላለን።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የአንድ ጎረቤታችን ሚኒባስ በጠዋት አልነሣ አለ። ሰው ተሰበሰበና «ባትሪው ሞቷል» ተባለ። አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ቀን እንደገና እምቢ አለ። «እንግዲያውስ ሞተሪኖው ነው» ተባለና ሞተሪኖው ተፈትቶ ደሴ ተላከ። መኪናው ዘጠኝ ቀን ቆመ። በመጨረሻ የተገኘው በሽታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ጫፉ ዝጎ ላልቷል! ባትሪው ሲቀየር ገመዱ ስለተነካካ ለሁለት ቀን ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀ። በብርጭቆ ወረቀትና በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ኮፈኑን ከበን «ባትሪው ነው፣ ባትሪው ነው» ካልነው ሰዎች መካከል ነበርን።

ገበሬው በሬው ሣር ሲተው ወዲያው ቢላዋ አያነሣም። አፉን ይከፍታል፣ ኮቴውን ያያል፣ ትንፋሹን ያዳምጣል፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ እረኛውን ይጠይቃል። ለመኪና ግን ይህንን ትዕግሥት ነፍገነዋል። ገና ድምፁ ሳይሰማ «ቀይረው» እንላለን። እኛ የምንለው መመርመርና መፍታት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ነው። መፍታትና መግጠም የመካኒኩ ሥራ ነው። ማየት፣ መስማት፣ ማሽተትና የታየውን በትክክል መናገር ግን በየቤታችን በር ላይ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው። አንዳንድ ሰዎች «ይኼማ የመካኒኩን እንጀራ መንጠቅ ነው» ይሉናል። አይደለም። ሕመሙን ለይቶ የሚናገር በሽተኛ ሐኪሙን ያግዛል እንጂ አይጎዳም።

እስቲ በየዕለቱ የሚያጋጥሙንን በየተራ እንያቸው።

አንደኛ፣ አልነሣ ሲል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ካላዞረ የፊት መብራቱን አብርታችሁ እንደገና ሞክሩ። መብራቱ ወዲያው ፈዝዞ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ባትሪውና ወደ ባትሪው ገመዶች ጫፍ ይሂድ። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ወይም «ቀጭ» ብሎ ብቻ ከቀረ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው፣ ወደ ገመዶቹና ወደ ማስነሻ ቁልፉ ይዙር። የጎረቤታችን ሚኒባስ መብራት በዚያ ጠዋት ደምቆ ይበራ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ደግሞ ባትሪውን ተዉት፤ የጎደለው በአብዛኛው ነዳጅ ወይም እሳት ወይም አየር ነው። በብርድ ጠዋት የናፍጣ ሞተር አልያዝ ካለ በመጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይታዩ።

ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ግምቱን በቁጥር ሊያረጋግጥ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሞተሩ ተነሥቶ ቁጥሩ ወደ 14 ካልወጣና እዚያው 12 ላይ ከቆየ ባትሪውን የሚሞላው የለም ማለት ነው፤ ቺንጋውና ዲናሞው ይታዩ። በሁለት ባትሪ በ24 ቮልት ለሚሠሩ የጭነት መኪኖች ቁጥሩን እጥፍ አድርጎ ማሰብ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ አለ፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ሲጋራና ክብሪት ይራቅ፤ ገመድ ሲፈታም በቅድሚያ ኔጌቲቩ ይፈታ።

ሁለተኛ፣ ሲግል። እዚህ ላይ አገራችን ራሷ የምታስተምረን ነገር አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በዚህ ከፍታ 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ሽሮ ቶሎ አልበስል የሚለን እኮ ለዚህ ነው! ሞተር ደግሞ በጤናው የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ውኃው ሁልጊዜ የማይፈላው ለምንድነው ቢባል፣ የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ፣ ራዲያተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውኃው ይገነፍላል። እንግዲህ ራዲያተር ከመግዛታችን በፊት ክዳኑን እንይ። ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የውኃውን መጠን፣ የቺንጋውን ጥብቀትና የቬንቲላተሩን መዞር፣ እንዲሁም የራዲያተሩ ፊት በጭቃና በገለባ አለመደፈኑን እንመልከት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ውኃ የሚጎድል ከሆነ የዘይት መለኪያውን ብረት አውጡ። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም። ያን ጊዜ «እስከ መካነ ሰላም ልድረስ» ማለት የለም፤ ያ መኪና ተጭኖ ወይም ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ አይሄድም። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት እንደሚልጥ ማንም ያውቀዋል፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይከፍተዋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አይገልበጥ፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጭስ። የጭሱ ቀለም ቋንቋ አለው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። እዚህም ላይ ከፍታችን ይታሰብ፤ በእኛ አገር አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው መኪና ጭኖ ዳገት ሲወጣ ትንሽ ቢያጠቁር ብቻውን በሽታ አይደለም። ከወትሮው የባሰ እንደሆነ ግን ፓምፑን ከማስፈታት በፊት የአየር ፊልትሮው ይታይ፤ የበጋው አቧራ በጥቂት ሳምንት ያፍነዋል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ይናገራል፤ በፋሻው ወይም በቫልቮቹ በኩል ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ ግን ጉዳዩ ያው የጓርኒሲዮኑ ጉዳይ ነው።

አራተኛ፣ ፍሳሽ። ማታ መኪናውን ስታቆሙ ከሥሩ ካርቶን ዘርጉ፤ ጠዋት ካርቶኑ ይናገራል። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ቅባት ከሆነ በአብዛኛው የመሪው ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት ነው። ጣፋጭ ሽታ ያለውና ቀለም የገባበት ውኃ ከሆነ ከራዲያተሩ ነው። ነጣ ያለና የሚያሙለጨልጭ ሆኖ በጎማዎቹ አጠገብ ወይም ከፍሬኑ መርገጫ በታች የተገኘ እንደሆነ ግን የፍሬን ዘይት ነውና መኪናው ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይበል።

አምስተኛ፣ ለባጃጅ ወጣቶቻችን። የባጃጃችሁ ሞተር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነውና የራዲያተር ጣጣ የለባችሁም። አልነሣ ሲል ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ደርቆ ከተገኘ ነዳጅ አልደረሰውም። በቤንዚን ርሶ ከተገኘ እሳቱ ጠፍቷል ወይም ሞተሩ ነዳጅ ታፍኖበታል። ጥቀርሻ ከለበሰ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ነዳጁ በዝቷል። እንደ ተቆላ ቡና ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ስትቀዱ ደግሞ ጥቂቱን በጠራ ጠርሙስ አድርጋችሁ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። ብዙ ካርቡሬተር ተፈትቶ የተገጠመው ያለ ጥፋቱ ነው፤ ጥፋቱ የጀሪካኑ ነበር።

ስለ ኮምፒውተር ምርመራም አንድ ቃል እንበል። አዳዲሶቹ መኪኖች ኮድ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሰካባቸው ስሕተታቸውን በቁጥር ይናገራሉ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ኮዱ የሚናገረው የሕመሙን ምልክት እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም። ለምሳሌ ፒ0300 የሚባለው ኮድ «ሞተሩ አልፎ አልፎ እሳት ይስታል» ማለት ብቻ ነው። ካንዴላ ይሁን፣ ነዳጅ ይሁን፣ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ይሁን መፈለግ የሰው ሥራ ነው። ኮድ ተነበበ ተብሎ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ ቀደም ብለን «ባትሪው ነው» ካልነው ከእኛ አይሻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እስካሁን የጻፍነው ሁሉ ቢሳሳት የሚጠፋው ገንዘብና ጊዜ ነው። ፍሬን ላይ የተሳሳተ ግን የሚያጠፋው ሰው ነው። የምንኖረው በዓባይ አፋፍ ላይ ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሻገረውን መንገድ የወረደ ሁሉ፣ እንዲሁም በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ስለዚህ የፍሬን ምርመራ በየጠዋቱ ይሁን። ፍሬኑን ርገጡት። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰና ሲደጋገም ከጠነከረ አየር ገብቶበታል ወይም ሸራው ርቋል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይቱ ከውስጥ ወይም ከውጭ እየሾለከ ነው። ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንደኛው ጎማ ከሌላው እኩል አልያዘም። ብረት በብረት ሲፋጭ ከተሰማ ሸራው አልቋል። ከእነዚህ አንዱም ከተገኘ በቤት የምንሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መኪናውን ማቆምና ባለሙያ መጥራት!

የፍሬን ዘይትም እንደ ሞተር ዘይት አይምሰላችሁ። ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል፤ መርገጫው እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ጠዋት በሜዳ ላይ ሲሞከር «ደህና» የነበረ ፍሬን ገደሉ መካከል የሚከዳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መለወጥ ከአንድ ጎማ ዋጋ በታች ነው።

በፎሌ መውረድንም እዚሁ ላይ እናንሣው። ነዳጅ ለመቆጠብ እየተባለ ማርሽ አውጥቶ፣ አንዳንዱም ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር አለ። የመኪና ዕቃዎቻችን ስም አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፣ ፍሪሲዮን መፋተግ ማለት ነው። ፎሌ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እብድ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። ማርሽ የሌለው መኪና በሞተሩ አይያዝም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። ተቆጠበ የሚባለውም ነዳጅ ቢሆን ይህን ያህል አይደለም፤ መኪና በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ መስጫው ካልተረገጠ ለሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ እምብዛም ነው፣ በአዳዲሶቹም ጨርሶ ይቋረጣል። ስለሆነም ሕጉ የድሮው ሕግ ነው፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አንድ ትልቅ በሽታ ይቀራል። እሱም መደበቅ ነው። ሾፌሩ ድምፁን ሰምቷል፤ ግን ለባለቤቱ ቢናገር «አንተ ነህ ያበላሸኸው» እንዳይባል ይፈራል። ባለቤቱም ሰምቷል፤ ግን «ነገ ገበያ ነው፣ አንድ ጉዞ ይመላለስና ይታያል» ይላል። ከኋላ የሚቀመጠው ረዳት ከሁሉ በፊት ሰምቷል፤ ግን ማን ጠየቀው? የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ብቻ ሩጫ ይጀመራል። በዓመት አንድ ቀን ጤነኛ መስሎ መቅረብ ደግሞ ጤና አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን ስለ ሰው ነበር፤ ለመኪናም ይሠራል። ልዩነቱ መኪናው በሽታውን ራሱ አይደብቅም፤ ያቃስታል፣ ያጨሳል፣ ያንጠባጥባል። የምንደብቅለት እኛ ነን።

ባለንብረቶች ሆይ! «ይኼ ድምፅ አላማረኝም» ብሎ መኪናችሁን ያቆመ ሾፌር አላከሰራችሁም፤ ጠብቋችኋል። የዚያን ቀን ገቢ አትጠይቁት። ሾፌሮችም ሆይ! በመኪናችሁ ውስጥ የሚሳፈሩት የእናንተው እናቶችና እህቶች ናቸው። ተሳፋሪዎችም ዝም አንበል። የሚቃጠል ሸራ ሲሸተን «አይ፣ ሾፌሩ ያውቃል» ብለን አፍንጫችንን በነጠላ መሸፈን ሳይሆን «ወንድሜ፣ አቁምና እየው» ማለት መብታችን ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የነገሩ ጥቅምና ጉዳት ለሌላ ቀን ይቆየን። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ደህና አድርገን መያዝ እንደሚገባን ነው።

በመሆኑም ለማኅበራችን አባላት ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። 1ኛ፣ እያንዳንዱ መኪናና ባጃጅ አንድ ደብተር ይኑረው። የተሰማው ድምፅ፣ የተጨመረው ዘይትና ውኃ፣ የተቀየረው ዕቃ ከነቀኑ ይጻፍበት። መካኒኩ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል መልሱ እዚያ ይገኛል። 2ኛ፣ ከማኅበሩ መዋጮ አንድ የጋራ ሳጥን ይገዛ። ቴስተር፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ክሪክና የእጅ ባትሪ ይኑርበት፤ በፊርማ ይወሰድ፣ በፊርማ ይመለስ። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖር ባትሪው የደከመን መኪና ከሌላ መኪና አገናኝቶ ለማስነሣት ሰው ከቤት ቤት ገመድ ሲለምን ማየት አንፈልግም። 3ኛ፣ በወር አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ባለንብረቶች ተገናኝተው ሦስት አራት መኪና በጋራ ይመርምሩ። በሰፈራችን ያሉት መካኒኮችም መጥተው ያስተምሩን። ልጆችም ይዩ፤ ነገ የሚነዱት እነሱ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ መካኒክ አያደርገንም። መካኒክ ባንሆንም ግን ጆሮ አለን፣ ዐይን አለን፣ አፍንጫም አለን። ነገ ጠዋት ቁልፍ ከማዞራችን በፊት ካርቶኑን እንይ፣ ዘይቱን እንለካ፣ ፍሬኑን እንርገጥ። ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ያየነውንም እንናገር። የሚያሳፍረው የመኪናችን መታመም ሳይሆን እያወቅን ሰው ጭነን ወደ ዓባይ መውረዳችን ነው።

ሐሳብ ያላችሁ ነዋሪዎች ጽፋችሁ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሳጥን ክተቱልን። የሚቀጥለውን እሑድ ከቀትር በኋላ በሰሌዳው አጠገብ እንጠብቃችኋለን፤ ካርቶናችሁንም ይዛችሁ ኑ።